ፀሐይ ታውጣሽ

ሰው የማውቀው በአረማመዱ ነው። ፊት ለእኔ ዘግይቶ የሚደርስ ነገር ነው። መጀመሪያ ቀለም ይመጣል፣ ቀጥሎ ቁመት፣ ቀጥሎ ድምፅ፤ ሰውዬው ክንድ ያህል ሲቀርበኝ ነው ዓይንና አፍንጫ የሚያወጣው። ዓይኖቼ ከተወለድኩ ጀምሮ አንድ ቦታ መርጋት አያውቁም፣ ብርሃንም አይችሉም። ስለዚህ ስለ አሶሳ የማስታውሰው ሁሉ ጠርዝ የለውም። ሣሩ ከሰማዩ ጋር ይቀላቀላል፣ የጎጆው ክዳን በሙቀቱ ይንሳፈፋል፣ ከእርሻ የሚመለሱ ሰዎች ከብርሃኑ ውስጥ ቀስ እያሉ ይወጣሉ። የመንደራችን ሰዎች ያንን ዘመን ሲያነሱ ወባውን፣ ስብሰባውን፣ ራሽኑን ያወራሉ። እኔ ግን እንደ ሕልም ነው የሚታየኝ። ደስ የሚል ሕልም ነበር ማለቴ አይደለም፤ ያቃጥል ነበር።

ነጭ ሆኜ ነው የተወለድኩት። እናቴም አባቴም ጠይም የወሎ ሰዎች ናቸው። እኔ ፀጉሬ የበቆሎ ጢም፣ ቅንድቤ ያለ የማይመስል፣ ቆዳዬ ወተት። ዛሬ አልቢኒዝም የሚባል ስም አለው። ያኔ በእኛ አገር ስሙ ሹክሹክታ ነበር።

በድርቁ ዓመት አባቴ ሞተ። እናቴና እኔ መጠለያ ውስጥ ከርመን፣ ለሰፈራ ስማችን ተጽፎ፣ ከብዙ ሰው ጋር በመኪና ተጭነን ወደ ምዕራብ፣ ወደ አሶሳ ወረድን። ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። መንገዱን ሁሉ ነጠላ ተከናንቤ ስለተጓዝኩ ኢትዮጵያ ለእኔ ረጅም ነጭ ጨርቅ ናት፤ አልፎ አልፎ አረንጓዴ ይሆናል፣ ሲመሽ ይጠቁራል። ስንደርስ ሣሩ ከሰው ቁመት ይበልጥ ነበር። መንደራችን ቁጥር እንጂ ስም አልነበራትም። ጎጆዎቹ በገመድ ተለክተው በመስመር የቆሙ፣ አንዱ ከሌላው የማይለይ ስለነበሩ፣ ደህና ዓይን ያለው ሰው ሳይቀር ቤቱን ስቶ የሰው ቤት ይገባ ነበር። እኔም በዕድሜዬ ለመጀመሪያ ጊዜ ከሰው እኩል ሆንኩና ደስ አለኝ።

ጠዋት ጠዋት እናቴ አንድ የማታስታጉለው ሥራ ነበራት። ለመንደሩ ደወል የሆነው የመኪና ቸርኬ ለሥራ ከመደወሉ በፊት፣ ፀሐይ ከሣሩ በላይ ብቅ ስትል፣ እኔን አውጥታ ደጃፍ ባለችው መደብ ላይ ታስቀምጠኛለች። ልብሴን ከትከሻዬ ዝቅ ታደርግና ትቀባኛለች። በደጋ ሳለን የምትቀባኝ ቅቤ ነበር። የእኛ አገር ሰው ሕፃን ልጁን ቅቤ ቀብቶ የጠዋት ፀሐይ ማሞቁን ያውቅበታል፤ አጥንት ያጠናል ይላሉ። ሌላው ልጅ ግን ድክ ድክ ሲል ይተዋል። እኔ እስከ ዘጠኝ ዓመቴ ድረስ አልቀረልኝም።

አሶሳ ደግሞ ቅቤ ከየት ይምጣ? ከብቱን ገንዲ የሚባለው በሽታ ይጨርሰዋል። እናቴ ለወጥ ከተሰጠን የእርዳታ ዘይት እየቆጠበች ትቀባኝ ጀመር። ወጣችን እንባ የመሰለች ቀጭን ውኃ ነበረች፣ እኔ ግን አብረቀርቅ ነበር።

«ፊትሽን ወደ መንገዱ አርጊ» ትለኛለች። «ቀና በይ። አንገትሽን አትቅበሪ።» ከዚያ የዘይቱን ትራፊ ጉንጬ ላይ ታብስና ሁልጊዜ የምትለውን ትላለች፤ «ፀሐይ ታውጣሽ፣ የኔ እናት።»

ለሰው «ፀሐይ ይውጣልሽ» ሲባል እሰማ ነበር፤ ያ የመልካም ዕድል ምርቃት ነው። የእናቴ ግን ሌላ ነበር። ፀሐይ ታውጣሽ። ከምን? እኔ እንደገባኝ ከንጣቴ ነው። ሳልበስል ከእሳት የወጣሁ ዳቦ ነኝ፤ እናቴ መልሳ ፀሐይ ላይ ታስቀምጠኛለች፤ አንድ ቀን እንደ ሰው ልጅ እጠይማለሁ። ማንም እንዲህ ብሎ አልነገረኝም። ከንግግሯም ከእጇም እኔው ራሴ የቀዳሁት ነው።

ስለዚህ በትጋት እቀመጥ ነበር። የሥራው ደወል ሲደወል እናቴ መቆፈሪያዋን ይዛ ወደ ማኅበሩ እርሻ ትሄዳለች፣ እኔ የዕረፍቱ ደወል እስኪሰማ ከመደቤ አልነሳም። ዓይኔን ጨፍኜ የዓይኔን ቆብ ቀይ አያለሁ። ቀዩ ውስጥ ነገር ይዋኛል። የሚያልፈው ሰው ጥላ ሲያርፍብኝ ቀዩ ይጠቁራል፣ ሲያልፍ ይመለሳል፤ እንደዚያ ቁጭ ብዬ የመንደሩን ሰው ሁሉ በላዬ ላይ ሲያልፍ አውቀው ነበር። ቆዳዬ መጀመሪያ ይሞቃል፣ ቀጥሎ ይበላኛል፣ ቀጥሎ እንደ በርበሬ ይለበልበኛል። ይሄው እየሠራ ነው እላለሁ በልቤ። ማታ በኩራዝ እጄን አስጠግቼ አያለሁ። ጠቆርኩ? ቀላሁ እንጂ አልጠቆርኩም። ከዚያ ይላጣል፣ ከሥሩ የባሰ ነጭ ይወጣል። አይ ፀሐይ! ተንኮለኛ ናት።

አንድ ቀን ግን ክንዴ ላይ ቡናማ ነጥብ አገኘሁ። በሳምንቱ ሦስት ሆነ፣ ከዚያ ትከሻዬን ሞላው። የዚያን ጊዜ ደስታዬን ዛሬ ሳስበው ራሴን እቆጣለሁ። እየሮጥኩ ለእናቴ አሳየኋት። «መጣልኝ! እማ፣ እዪው፣ ቀለም መጣልኝ!» እናቴ በጣቷ ዳሰሰችውና ሳመችኝ። እኔም ደስ ብሏታል ብዬ ተረጎምኩት። አንድ ሰው ነገር ከቀዳ በኋላ የሚያገኘው ሁሉ ማስረጃ ይሆንለታል።

ብዙም ሳይቆይ ከንፈሬ አብጦ ውኃ ቋጠረ፣ የቀኝ ጆሮዬም ጫፍ ቆሰለ። እናቴ አላመነታችም፤ «ምች ነው!» አለች። ምች ማለት ለእኛ ሰው ላብ ይዞት ወይም በልቶ ፀሐይ ሲወጣ የሚመታው ነገር ነው። ማታ የበላነው ሽንኩርት ተከሰሰ፣ ትናንት የታጠብኩት እግር ተከሰሰ፣ በቀትር ውኃ መቅዳቴ ተከሰሰ። የጠዋት ፀሐይ ብቻ ሳትከሰስ ቀረች። በእናቴ ሕግ የቀትር ፀሐይ ምች ናት፣ የጠዋት ፀሐይ መድኃኒት። ዳማከሴ ፈልጋ ብታጣ ሽታው የሚቀርበውን የቆላ ቅጠል አሽታ አፍንጫዬ ውስጥ ጨመቀችልኝ። ሦስት ቀን አስነጠስኩ። ቁስሉ ግን እንዳለ ነው።

በዚያ ሰሞን ነው የማንጎዋ ሴትዮ የመጣችው። ከወዲያኛው የአገሬው የበርታ ሰዎች መንደር ናት፤ ትከሻዋ ላይ እንጨት አጋድማ፣ ከፊትና ከኋላ ቅርጫት አንጠልጥላ፣ ማንጎና ባሚያ በጨውና በስንዴ ትለውጥ ነበር። ከሩቅ የማውቃት በቅርጫቶቹ ነው። እሷ ስትራመድ አንዱ ሲወርድ አንዱ ይወጣል፣ ብርሃን ውስጥ ሁለት ወፎች የሚጫወቱ ይመስሉኛል። ያን ቀን ጠዋት እናቴ ገና ስትቀባኝ ደረሰችና ሸክሟን አወረደች።

«ይሄ ልጅ ፀሐይ በላ!» አለች።

ሳቅኩ። ፀሐይን ስቆርስ ታየኝ። አማርኛዋ እንደዚያ ነበር፤ ማን ማንን እንደበላ አይለይም፣ ወንድና ሴትም አንድ ናቸው።

«አንተ ቤት ግባ» አለችኝ በእጇ በሩን እያሳየች። «ሸምስ ሀር ነው። ግባ፣ ግባ።» ፀሐይዋ ትፋጃለች ማለቷ ነው።

እናቴ ብድግ አለች። እንዲያ ስትቆጣ አይቻት አላውቅም፤ ዘይቱ ከእጇ ይንጠባጠባል። «ልጄን ማንም ቤት ግቢ አይላትም! ሰማሽ? ማንም!»

ሴትየዋ እንጨቷን አንስታ ሄደች። እናቴ መቀባቷን ቀጠለች። እኔ ደግሞ ነገሩን እንደለመድኩት ተረጎምኩት፤ የልጇን መጠየም ተስፋ ስለነካችባት ነው አልኩ።

ሴትየዋ ግን ልበ ሙሉ ነበረች። ከሁለት ቀን በኋላ እናቴ እርሻ ላይ መሆኗን አይታ ተመልሳ መጣች። አጠገቤ ቆመችና በጥላዋ ሸፈነችኝ፤ ቀዩ ጠቆረ፣ ቆዳዬም በረድ አለ።

«ወንድም የኔ እንደ አንተ ነው» አለችኝ። «ነጭ። ልጅ ሆኖ ፀሐይ በላው። ጆሮ የለም፣ እዚህም የለም።» ጉንጯን ነካች። «አሁን ሽማግሌ ነው። ጠዋት ጨለማ እያለ እርሻ ይሄዳል፣ ሸምስ ሲመጣ ይገባል። ማታ ይወጣል። ባርኔጣ ትልቅ፣ እጅጌ ረጅም፣ ሸምሲያ።»

«ሸምሲያ ምንድነው? መድኃኒት ነው?»

ሳቀችና በሁለት እጇ ራሷ ላይ ጣሪያ ሠራች። ጃንጥላ መሆኑ ነው። እኔ ጃንጥላ የማውቀው በጥምቀት፣ ታቦት ሲወጣ፣ ቄሶቹ ላይ ነው። ለአንዲት ልጅ ጆሮ ጃንጥላ መዘርጋት ድፍረት መሰለኝ። ከዚያ ይበልጥ የገረመኝ ግን እንደ እኔ ያለ ሰው ሽምግልና መድረሱ ነው። ያን ሰውዬ አላየሁትም። ብዙ ጊዜ ግን በሕልሜ እየመጣ፣ ትልቅ ባርኔጣ አድርጎ፣ ጎህ ሳይቀድ በሣሩ መሃል ያልፋል።

በማግስቱ ብቻዬን ወደ ክሊኒኩ ሄድኩ። ክሊኒክ የምንለው አንዲት የቆርቆሮ ክፍል ናት፤ ድሬሰር የምንለው ጤና ረዳት ጎንበስ ብሎ ጆሮዬን አየ፣ ትከሻዬን አየ፣ አሸተተኝ።

«ዘይት ነው?»

«አዎ። ጠዋት ጠዋት። ፀሐይ ላይ።»

ድሬሰሩ ወንበር ስቦ ቁጭ አለ። ቀስ ብሎ ነገረኝ። ምች አይደለም አለኝ። ሌላው ሰው ቆዳው ውስጥ ፀሐይን የሚከላከልለት ቀለም አለ፣ አንቺ ስትፈጠሪ የለሽም፤ ብትቀመጪ ብትውዪ አይመጣም። ዘይት ተቀብቶ ፀሐይ ላይ መቀመጥ ደግሞ መጥበስ ነው። የጠዋትም ብትሆን ፀሐይ ፀሐይ ናት። ነጥቦቹን አሳየሁት፤ እነዚህስ አልኩት፣ እየመጣልኝ አይደለም? «እነሱ ፀሐይ የበላችው ቦታ ናቸው» አለኝ። «ይሄ ቁስል አንድ ቀን የማይድን ዓይነት ይሆናል። ከዚያ በኋላ እኔ ምንም ላደርግልሽ አልችልም። እናትሽን ይዘሻት ነይ፣ እኔ እነግራታለሁ።»

እሺ ብዬ ወጣሁ። አልነገርኳትም።

ለምን አልነገርሽም ብትሉኝ፣ ፈርቼ ነው። ቁስሉን ሳይሆን እናቴን። ባሏን ቀብራለች፣ አገሯን ጥላለች፣ ከዚያ ሁሉ የቀራት እኔና ጠዋት ጠዋት የምትለው ያ ቃል ነው። ልጅሽ መቼም አትጠይምም ብዬ ያንንም ልንጠቃት? ደግሞ ከዚያ በታች ያለ ሌላ ፍርሃት ነበረኝ፣ እሱን ለራሴም አልናገረውም ነበር። ተስፋዋ ሲቋረጥ ምን ታደርገኛለች? ሲጠይሙ ሊወደዱ ቃል የተገባላቸው ልጆች፣ ሳይጠይሙ ቢቀሩ ምን ይሆናሉ?

ዝም አይነቅዝም ይባላል፤ የእኔ ግን ነቀዘ። እናቴ ከሄደች በኋላ ከመደቧ ተነስቼ ቤት እገባለሁ፣ የዕረፍቱ ደወል ሊደወል ሲል እመለሳለሁ። አባት ሳለ አጊጥ፣ ጀንበር ሳለ ሩጥ ይላሉ፤ እኔ አባትም የለኝ፣ የምሮጠውም ከጀንበር ለማምለጥ ነው። ግን ሁልጊዜ አልቀናኝም። እሑድ እናቴ ቤት ትውላለችና አጠገቤ ቁጭ ብላ እስክትጠግብ ታሞቀኛለች። ጉንዳን በላኝ እላለሁ፣ መደቡን ታራግፋለች። ሆዴን አመመኝ እላለሁ፣ ሆዴን ጨምራ ትቀባለች። የጆሮዬ ቁስል ይደርቅና ይፈነዳል፣ ይደርቅና ይፈነዳል። አንድ ጠዋት ስነቃ የተኛሁበት ጨርቅ ከጆሮዬ ጋር ተጣብቆ አገኘሁት። ስስበው ደማ። የበርታው ሽማግሌ ጆሮ ታወሰኝ።

ያን ዕለት ጠዋት ብርሃኑ ገና ለስላሳ ነበር፣ ጉም ቢጤ ሣሩ ላይ ተኝቷል። እናቴ መዳፏ ላይ ዘይት አፍስሳ መጣች። እጇን ያዝኩት።

«እማ፣ ዘይቱን ለወጥ አድርጊው።»

«ምነው? ምን ሆንሽ?»

«እኔ አልጠቁርም» አልኳት። ድሬሰሩ ያለኝን ሁሉ ነገርኳት፤ ቀለሙ ስፈጠር እንደሌለኝ፣ ነጥቦቹ ምን እንደሆኑ፣ ጆሮዬ ምን ሊሆን እንደሚችል። «ሞክሬያለሁ» አልኩ በመጨረሻ። «አውቄ አይደለም እማ። ይቅር በይኝ። እንዲሁ ነጭ ሆኜ ነው የምቀረው።»

ዘይት የያዘው የእናቴ እጅ እጄ ውስጥ እንዳለ ነው። ፊቷ አይታየኝም ነበርና ጠጋ አልኩ፣ ክንድ ያህል፣ ከዚያም አነሰ። ዓይኗና አፍንጫዋ ወጡ። የተደነቀች ሰው ፊት ነው።

«ማነው ጥቆሪ ያለሽ?» አለች።

«አንቺ ነሻ። ፀሐይ ታውጣሽ ትዪኛለሽ።»

«ወየው ጉዴ!» አለችና መደቡ ላይ ቁጭ አለች። ዘይቱ ከመዳፏ ጉልበቷ ላይ ፈሰሰ፤ ያቺ በጠብታ የምትቆጥብ ሴት ዞር ብላም አላየችው።

ከዚያ ነገረችኝ። በወሎ፣ ለሙሽርነት በመጣችበት መንደር፣ ጎረቤት ቤት ጓዳ ውስጥ አንዲት ልጅ ነበረች። ነጭ። የተወለደች ዕለት ከጎታው ጀርባ አስቀመጧት፣ እንግዳ ሲመጣ በር ይዘጋባታል፣ ስታለቅስ ድመት ናት ይላሉ። እናቴ አንድ ቀን እሳት ልትጭር ገብታ አየቻት። ሰባት ስምንት ዓመት ይሆናታል፣ ቆማ መሄድ አትችልም። በዚያው ዓመት ሞተች፤ ለቅሶ እንኳ አልተለቀሰላትም፣ መኖሯን ማን ያውቅና?

«አንቺን ስወልድ» አለች እናቴ፣ «የአባትሽ እናት ጓዳ አስገቢያት አሉኝ። እኔ በአራስነቴ፣ ጉልበቴ ሳይጠና፣ አንቺን ይዤ ደጅ ወጣሁ። ቅቤ ቀባሁሽ። ያልተቀባ ልጅ ያልተፈለገ ይመስላል። ወደ መንገዱ አዙሬ አስቀመጥኩሽ፣ ወደ ገበያ የሚሄድ ሁሉ ይይሽ ብዬ። ከጓዳ ታውጣሽ ነው ያልኩት። ከዚያ ወዲህ አንድም ቀን አላስታጎልኩም። እዚህም አዲስ አገር መጣን፣ አዲስ ሰው ነው፣ ይወቁሽ አልኩ።»

ያን ጊዜ ጆሮዬን አየችው። ማየትስ አይታው ነበር፣ ግን እንደ ምች ነበር ያየችው። አሁን እንደ እጇ ሥራ አየችው። አገጬን ይዛ ወደ ብርሃኑ አዞረችኝ፣ ወዲያው ደንግጣ መልሳ ወደ ጥላው አዞረችኝ። ትከሻዬን ገልጣ ነጥቦቹን አንድ በአንድ ነካች። አለቀሰች። «እጄ ይቆረጥ» አለች፣ ደጋግማ አለች። እኔም አለቀስኩ፣ ግን የእኔ ልቅሶ የሐዘን አልነበረም። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የተቀመጥኩት ልለወጥ ሳይሆን ልታይ ነው። ይህን ለማወቅ ጆሮዬን ብከፍል ኖሮም አይቆጨኝም ነበር፤ ደግነቱ ቁስሉ ከፀሐይ ሲርቅ ቀስ ብሎ ዳነ።

የሥራው ደወል ተደወለ። ሰዎች ከየጎጆው እየወጡ በጉሙ ውስጥ ወደ እርሻው ይፈሱ ጀመር። እናቴ አልሄደችም። ገባችና የአባቴን አሮጌ ኮት አመጣች፣ እጅጌው እጄን ውጦ ይተርፋል። በነጠላዋ ራሴንና አንገቴን ጠመጠመችልኝ። ከዚያ እጄን ይዛ ከመደባችን ፈቀቅ ብሎ መንገድ ዳር ወዳለው ትልቅ ሾላ ወሰደችኝ። ከሥሩ ድንጋይ አንከባላ አመጣችና አስቀመጠችኝ። ጥላው ወፍራምና ቀዝቃዛ ነበር። ዓይኔን ብርሃን ሳይወጋኝ ገልጬ መንገዱን አየሁ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ የሰው እግርና የመቆፈሪያ እጀታ ለይቼ አየሁ።

«እማ» አልኳት፣ «ጥላ ውስጥ ሆኜ ሰው ባያየኝስ?»

እናቴ እንባዋን በክንዷ ጠረገችና ከእኔ ፈቀቅ ብላ፣ መንገዱ መሃል ቆማ፣ ከሩቅ አየችኝ። ረጅም ጊዜ አየችኝ። ከዚያ ሳቋ ሲመጣ ሰማሁት።

«እንዲህ ነጭ ሆነሽ» አለች፣ «ጥላ ውስጥስ ማን ያጣሻል?»

ከዚያ ወደ እርሻ የሚሄዱትን ሰዎች፣ አንዱንም ሳታስቀር፣ ልጄን ሰላም ሳትሉ አትለፉ እያለች ታስቆማቸው ጀመር።